ብራውዘሩ ከመመረጡ በፊት የቆዩት የአማርኛ ሰነዶች ይፈተሹ

ጥያቄው በአጭሩ፦ «የሂሳብ አገልግሎት የሚሰጥ አነስተኛ ቢሮ አለን። ከዘጠኙ ኮምፒውተሮቻችን ሰባቱ በዊንዶውስ 7፣ ሁለቱ በዊንዶውስ 10 ይሠራሉ፤ ሁሉም ሦስተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ያላቸው ናቸው። ክሮም ከእንግዲህ ማሻሻያ እንደማያገኝ ይነግረናል፤ አንዳንድ ድረ ገጾች አይከፈቱም ወይም ተዘበራርቀው ይታያሉ። ደብዳቤዎቻችንና ውሎቻችን ለብዙ ዓመታት በፓወር ግዕዝ፣ ማለትም በቆየው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የተጻፉ ሲሆኑ የደንበኞቻችንን ሂሳብ የምንይዘው ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ነው። አንድ ባለሙያ ሁሉንም ወደ ሊኑክስ ቀይሩ ይለናል፣ ሌላው ዊንዶውስ 11 ጫኑ ይለናል። የትኛው ብራውዘርና የትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሻለናል?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ባለሙያዎች የሰጡት ምክር ከመጨረሻው ደረጃ የሚጀምር ይመስለኛል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም በመጨረሻ የሚወሰን ነገር ነው፤ በእናንተ ቢሮ ውሳኔውን የሚወስኑት በአሮጌ ፎንት የተጻፉት ሰነዶችና ፒችትሪ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ መልክ ሳይዙ ኮምፒውተሮቹን ፎርማት ያደረገ ሰው፣ ሊኑክስንም ጫነ ዊንዶውስ 11ን፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ሥራችሁን ለማንበብ በማይቻል ሁኔታ ላይ ሊጥለው ይችላል። ይሁን እንጂ ዕለት ተዕለት የሚያስቸግራችሁ ብራውዘሩ ስለሆነ በእሱ እጀምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም በጃንዋሪ 2023 የወጣው ቁጥር 109 ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት በሙሉ ዊንዶውስ 10ን ወይም ከእሱ በኋላ የወጣ ሥርዓት ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ክሮም እንቢ ሲለው ወደ ኤጅ፣ ወደ ኦፔራ ወይም ወደ ብሬቭ መሄድ ነው። እነዚህ ብራውዘሮች ስማቸውና መልካቸው ቢለያይም ሁሉም የሚሠሩት ክሮሚየም በተባለው በአንዱ መሠረት ላይ ስለሆነ መሠረቱ ዊንዶውስ 7ን ሲተው ሁሉም ተራ በተራ መተዋቸው አይቀርም፤ የማይክሮሶፍት የራሱ ኤጅ እንኳ በዚያው በ109 ነው የቆመው። በሌላ መሠረት ላይ የተሠራው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም የሚገኘውና በስፋት የሚታወቀው ብራውዘር ፋየርፎክስ ብቻ ነው። የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላ ለዊንዶውስ 7 ተጠቃሚዎች ረጅም ድጋፍ ያለውን ፋየርፎክስ 115ን አቆይቶ የደህንነት ማሻሻያ የሚያገኝበትን ጊዜ ከአንዴም በላይ አራዝሞታል። ስለዚህ በእነዚህ ሰባት ማሽኖች ላይ እስክትሸጋገሩ ድረስ የምመክረው እሱን ነው፤ መሸጋገሪያ እንጂ ማረፊያ ግን አይደለም። ስትጭኑት የ115 ተከታታይ የመጨረሻ ማሻሻያ መሆኑን አረጋግጡ፤ በማርች 2025 ሞዚላ ይጠቀምበት የነበረ አንድ ዋና የምስክር ወረቀት ጊዜው ስላለፈ ከ115.13 በታች ያሉት ዕትሞች ተጨማሪ መገልገያዎቻቸው መሥራት ሊያቆሙ ይችላሉ። ሙሉውን መጫኛ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በፍላሽ ብታዞሩት ሰባት ጊዜ ለኢንተርኔት ከመክፈል ትድናላችሁ።

ከዚህ በፊት የነበረውን ብታስታውሱ የሚመጣውን መገመት ይቻላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቋረጠው በኤፕሪል 2014 ነበር፤ ክሮም በ2016 ተከተለው፣ ፋየርፎክስ ደግሞ እስከ 2018 ቆየ። የዊንዶውስ 7 መደበኛ ድጋፍ በጃንዋሪ 2020 አበቃ፤ ክሮም ሦስት ዓመት ጠብቆ ተወው፣ ፋየርፎክስ አሁንም ዘገየ። ብራውዘር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን በጥቂት ዓመታት ልዩነት ተከትሎ ይሄዳል ማለት ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ ሁለቱ የተሻሉት ማሽኖቻችሁም በዚያው መንገድ ላይ መሆናቸውን ካሁኑ ማወቅ ይኖርባችኋል።

«ድረ ገጹ አይከፈትም» የሚለው ቅሬታ ግን ሁልጊዜ የብራውዘር እርጅና ውጤት አይደለም። ከሁሉ በፊት የኮምፒውተሩን ቀንና ዓመት ተመልከቱ። በዚህ ዕድሜ ባሉ ማሽኖች የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ይሞታል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። አስተማማኝ የሚባለው የድረ ገጽ ግንኙነት የሚጀምርና የሚያበቃ ቀን በተጻፈበት የምስክር ወረቀት ላይ ስለሚመሠረት፣ ማሽኑ ዛሬን 2009 ነው ብሎ ካመነ የምስክር ወረቀቱ ገና ያልተወለደ ሆኖ ይታየዋል፤ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚለውን ማስጠንቀቂያም ያወጣል። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ካለም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷልና። ባትሪውን መቀየርና ቀኑን ማስተካከል ብቻውን የችግራችሁን ግማሽ ሊፈታው ስለሚችል ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ዘጠኙንም ፈትሹ።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ ምክንያቱ ኮምፒውተሩ የሚያምናቸው የምስክር ወረቀት ሰጪዎች ዝርዝር ሊሆን ይችላል። ብዙ ድረ ገጾች በነጻ የምስክር ወረቀት የሚያገኙበት ሌትስ ኢንክሪፕት ይተማመንበት የነበረው የቆየ ሥር፣ ማለትም ሌሎቹ የሚመሠረቱበት ዋና የምስክር ወረቀት፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ጊዜው አለፈ፤ ለረጅም ጊዜ ያልተሻሻለ ዊንዶውስ አዲሱን ሥር ላያውቀው ይችላል። ፋየርፎክስ የራሱን ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ ይህ ችግር ብዙም አይነካውም፤ ለእናንተ የመረጥኩበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ገጹ ተከፍቶ ቁልፎቹ ካልሠሩ ወይም ሠንጠረዡ ከተበታተነ ደግሞ ገጹ የተጻፈው ብራውዘሩ በማያውቃቸው አዳዲስ ትእዛዞች ነው ማለት ነው፤ ለዚህ መድኃኒቱ አዲስ ብራውዘር፣ ማለትም አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብቻ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ለቀድሞው የማይክሮሶፍት ብራውዘር ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ተብለው የተሠሩና ዛሬም በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግሉ ገጾች በአዲስ ብራውዘር አይሠሩም። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በዊንዶውስ 10 ላይ በጁን 15 ቀን 2022 ጡረታ ቢወጣም ኤጅ ውስጥ የእሱን አሠራር የሚያስመስል ክፍል አለ፤ ማይክሮሶፍት ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚያቆየው ተናግሯል። ከኤጅ ማስተካከያ ውስጥ «ነባሪ ብራውዘር» በሚለው ክፍል ይፈቀዳል፤ በእጅ የተጨመረ ገጽ ከ30 ቀን በኋላ ከዝርዝሩ ስለሚወጣ በድንገት መሥራት ቢያቆም ገጹን መልሶ መጨመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ይህ ክፍል በሊኑክስ ላይ የለም። እንዲህ ዓይነት ገጽ የምትጠቀሙ ከሆነ ቢያንስ አንድ የዊንዶውስ ማሽን ማቆየት ግድ ይላችኋል።

አሁን ዋና ወደምለው ልምጣ። በፓወር ግዕዝ የተጻፉት ሰነዶቻችሁ ኮምፒውተሩ በሚያውቀው መንገድ አማርኛ ላይሆኑ ይችላሉ። የቆዩት የአማርኛ ፎንቶች የተሠሩት አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ በነበረው ዘመን ነው፤ ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹ 32 ለመቆጣጠሪያ ትእዛዝ የተያዙ ስለሆኑ ቢበዛ 224 ይቀራሉ። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎቹ ሆሄያቱን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈሏቸው፣ ወይም ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አድርገው በላዩ ላይ እየደረቡ አንድ ፊደል አስመሰሏቸው። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነው፤ በግዕዝ ቅርጽ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን አሰላለፍ ስለተከተለ ደግሞ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ በሌላው አይነበብም። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ሥርዓት በ3.0 ዕትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቦታ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም ማሽን፣ በየትኛውም ኦፕሬቲንግ ሲስተም «ሀ» ነው። በዚያ ዘመን ከኢንተርኔት ርቀው የነበሩ ቢሮዎች ግን ለዓመታት በቀድሞው መንገድ መጻፋቸውን ቀጥለዋል፤ በእነሱ አልፈርድም፣ በእጃቸው የነበረው መሣሪያ እሱ ነበርና።

በኋላ የወጡት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ዕትሞች የዩኒኮድ ፎንትም አላቸው፤ ስለዚህ የእናንተ ሰነዶች የተቀላቀሉ ሊሆኑ ይችላሉ። መለየቱ ቀላል ነው። የአንዱን ፋይል ቅጂ ክፈቱ፣ አንድ አንቀጽ ምረጡና ፎንቱን ኒያላ ወደተባለው የማይክሮሶፍት የዩኒኮድ ፎንት ቀይሩት። ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ ምንም አያሰጋም። ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከተለወጠ ግን በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ነውና መቀየር አለበት። ይህንን ሙከራ በየዓመቱ ከተጻፉት ፋይሎች በሁለት ሦስቱ ላይ ብታደርጉ ቢሮው ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ወደ ዩኒኮድ እንደተሻገረ ታውቁታላችሁ፤ ሥራውም ከዚያ በፊት ባሉት ላይ ብቻ ይወሰናል።

አንድ ነገር አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። በዋናው ፋይል ላይ ሁሉን መርጣችሁ ፎንት አትቀይሩ፤ ጽሑፉንም ወደ ኖትፓድ እየገለበጣችሁ «በኋላ እናስተካክለዋለን» አትበሉ። በአሮጌው ሰነድ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደመጣ የሚናገረው መረጃ የጽሑፉ ግማሽ አካል ነው። ያ መረጃ ከጠፋ አንዱ የላቲን ምልክት በመጀመሪያው ፎንት «ለ»፣ በሁለተኛው «ጸ» ይሆን እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ በመሀል የተጻፈው እውነተኛ የእንግሊዝኛ ቃልም ከተበላሸው አማርኛ አይለይም። በጎ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ የተጻፈን በዚህ መንገድ ሊያጠፋው ይችላል፤ የምፈራውም ከቫይረስ ይልቅ ይህን ነው።

ትክክለኛው አካሄድ የሚከተለው ነው። የሁሉንም ሰነዶች ቅጂ በሁለት የተለያዩ የውጭ ሃርድ ዲስኮች ላይ አስቀምጡ፤ ከእነሱ ጋር የፎንቶቹን ፋይሎችና የፓወር ግዕዝን መጫኛ አብራችሁ አኑሩ። ቀጥሎ ፎንቶቹ በትክክል በሚሠሩበት በአሁኑ ማሽን ላይ ሆናችሁ አስፈላጊዎቹን ውሎችና ደብዳቤዎች ወደ ፒዲኤፍ ለውጡ። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ስለሚይዝ በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ በትክክል ይታያል። ጉድለቱ ከውስጡ ስም ወይም ቃል ፈልጎ ማግኘት ወይም ገልብጦ መጠቀም አለመቻሉ ነው፤ ከሥር ያለው ያው የላቲን ምልክት ነውና። ስለዚህ አሁንም እየተሻሻሉ የሚያገለግሉትን፣ ማለትም የውል ናሙናዎችንና ቅጾችን፣ ለይታችሁ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ። ለዚህ የሚሆኑ መቀየሪያዎች አሉ፤ ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በቆዩ ፎንቶች የተጻፉ የዎርድ ሰነዶችን የሚቀይር ነጻ መሣሪያ አዘጋጅቷል። የትኛውንም ብትጠቀሙ የተቀየረውን ሰው ከዋናው ጋር አስተያይቶ ያንብበው፤ በተለይ በሰው ስም፣ በገንዘብ መጠንና በዲቃላ ፊደላት ላይ ዓይን አይነቀል። አሥር የማይሞሉ ናሙናዎች ከሆኑ ደግሞ መቀየሪያ ከመፈለግ እንደ አዲስ መተየቡ ይፈጥናል።

ፒችትሪ የተለየ ጉዳይ ነው። ከበስተጀርባ ፐርቬሲቭ በተባለ የዳታቤዝ አገልግሎት የሚሠራ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ወደ ሊኑክስ አይሻገርም። ዋይን በተባለው የዊንዶውስ ማስመሰያ አስኬዱት የሚላችሁ ይኖራል፤ ለጨዋታ ወይም ለአንዲት ትንሽ መገልገያ ይሆን ይሆናል፣ የደንበኛ ሂሳብ ግን ለሙከራ አይሰጥም። ወደ አዲስ ዕትም ማሳደግም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከ2012 ወዲህ የፕሮግራሙ ስም ሴጅ 50 ሆኗል፤ የድርጅት ሂሳብ በአዲሱ አንዴ ተከፍቶ ከተለወጠ በአሮጌው ተመልሶ አይከፈትም። ስለዚህ ፒቲቢ በሚል የፋይል ቅጥያ የሚቀመጠውን ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) አስቀድማችሁ አውጡ፤ ባወጣችሁት ብቻም አትተማመኑ፤ በሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ከፍታችሁ የአንድ ደንበኛን የወር መዝጊያ ሚዛን ከታተመው ጋር አስተያዩ። ተሞክሮ ያልተከፈተ ባክአፕ አለ ለማለት አይቻልም።

ለፒችትሪ የምመርጠው መፍትሔ አሁን በሚሠራበት ሥርዓት ላይ እንዳለ ማቆየትና ያንን ማሽን ከኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ማላቀቅ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚሠራበት ከሆነ እነዚያን ማሽኖች ስዊች በተባለ የኔትወርክ ገመድ ማገናኛ ለብቻቸው አገናኟቸው፤ ከራውተሩ ጋር ግን ገመድም ዋይፋይም አይኑራቸው። «ኢንተርኔት እያለው ብራውዘር ካልከፈትንበት ምን ይሆናል?» የሚል ሰው ቢኖር በሜይ 2017 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ዋናክራይ የተባለው ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሠራጨው ማንም ምንም ሳይነካ፣ ዊንዶውስ በኔትወርክ ላይ ፋይል በሚያጋራበት አገልግሎት በኩል ነበር፤ ከተጠቁት አብዛኞቹ የዊንዶውስ 7 ማሽኖች ነበሩ። መድኃኒቱን ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት በማርች አውጥቶት ነበር፣ ያልጫኑት ናቸው የተጎዱት። ፒችትሪን በብዙ ሰው ስትጠቀሙ ፋይሉን የምትጋሩት በዚሁ አገልግሎት በኩል ነው። ለዊንዶውስ 7 ደግሞ ዛሬ ቀዳዳ ቢገኝበት መድኃኒት እንደሚወጣ ዋስትና የለም። ከእነዚህ ማሽኖች ወደ ሌሎቹ ሪፖርት የሚሻገረው ለዚሁ ብቻ በተለየና በየጊዜው በሚፈተሽ ፍላሽ ይሁን።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጥያቄ ራሱ ይቀላል። ዊንዶውስ 11 በይፋ ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍል ይጠይቃል፤ የእናንተ ሦስተኛ ትውልድ ማሽኖች አያሟሉም። ፍተሻውን አታልሎ የሚጭን ዘዴ አለ፣ ብዙ ጥገና ቤቶችም ይሠሩታል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንደዚያ ለተጫነ ማሽን ማሻሻያ ለመስጠት ቃል አልገባም፤ 4 ጊጋባይት ራም ላይም ሥራው አዝጋሚ ይሆናል። ለሰው ገንዘብ ኃላፊነት ባለበት ቢሮ አልመክረውም። ለዊንዶውስ 10 ማይክሮሶፍት የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ ይሸጣል፤ ለድርጅት በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ በእጥፍ እያደገ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ለሁለት ማሽን፣ ለአንድ ዓመት ያህል፣ ምክንያታዊ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ገንዘቡ ለአዲስ ዕቃ ቢውል ይሻላል።

ስለ ክራክም፣ ያለ ፈቃድ ስለሚጫን ሶፍትዌር፣ ሳልናገር ላልፍ አልችልም። በከተሞቻችን አብዛኛው ዊንዶውስ ያለ ፈቃድ የተጫነ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለዚህ የሚውለው ማንቂያ ፕሮግራም ደግሞ አንቲቫይረሱ እንዲጠፋለት የሚጠይቅ፣ ሠሪው የማይታወቅና በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን የሚያገኝ ፕሮግራም ነው። የደንበኞችን የግብር መረጃና የይለፍ ቃል በያዘ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር መኖር የለበትም። ፈቃዱን መግዛት የማይቻል ከሆነ በነጻ የሚሰጠውን ሥርዓት መጠቀም ይሻላል፤ ሊኑክስን የምደግፈው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ፒችትሪ በሌለባቸው ማሽኖች ላይ ሊኑክስ ሚንት የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ጥሩ ምርጫ ነው። በትንሹ 2፣ እንደሚመከረው 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፤ ለዊንዶውስ 7 ለለመደ ሰው የመስኮቶቹ አቀማመጥ እንግዳ አይሆንበትም፤ የቁጥር 22 ተከታታይ እስከ 2029 ድጋፍ አለው፤ ፋየርፎክስም ከሙሉ ማሻሻያው ጋር አብሮ ይመጣል። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ዲስክ ብትተኩት ደግሞ ከየትኛውም የሶፍትዌር ለውጥ ይልቅ ፍጥነቱን የሚጨምረው እሱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ማሽን የምታወጡት ገንዘብ ካለ ቅድሚያ ለዚህ ይዋል።

እንከኑን ግን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የሰነድ ቅርጽ ነው። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም የዎርድ ፋይሎችን ይከፍታል፤ ነገር ግን ኒያላ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ በሊኑክስ ላይ የለም፣ በቦታው ሌላ ፎንት ሲተካ የመስመሩ ርዝመት ይለወጥና በአንድ ገጽ ያለቀው ደብዳቤ ወደ ሁለተኛው ይፈሳል፤ የፊርማው ቦታም ለብቻው ይቀራል። መፍትሔው ቢሮው በሙሉ፣ የዊንዶውሶቹንም ጨምሮ፣ በሁሉም ላይ በነጻ በሚገኝ አንድ ፎንት መጻፉ ነው፤ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ለዚህ ይሆናሉ። ለእንግሊዝኛውም ካሊብሪን በካርሊቶ፣ ካምብሪያን በካላዲያ መተካት ይቻላል፤ የፊደላቱ ስፋት እኩል ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ገጹ አይናጋም። ወደ ውጭ የሚላክ ማንኛውም ያለቀ ሰነድ በፒዲኤፍ ይሁን። ሁለተኛው እንከን ኤክሴል ውስጥ በማክሮ፣ ማለትም ሥራን በራሱ በሚያስኬድ ትንሽ ፕሮግራም፣ የተሠሩ ሠንጠረዦች ናቸው፤ ቀላሎቹ ያልፋሉ፣ ውስብስቦቹ ግን አይሠሩም። እንዲህ ያለ የደመወዝ መሥሪያ ካላችሁ በዊንዶውስ ላይ ይቆይ። ሦስተኛው የማተሚያና የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ነው፤ በተለይ የኋለኛው ለዊንዶውስ ብቻ የተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል አቅራቢውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የአተያየቡ ነገር ሠራተኞችን ከሁሉ በላይ የሚያሳስባቸው ነው፣ ተገቢም ነው፤ በቀን ሃያ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ጣቶቹ የለመዱትን ቁልፍ በአንድ ሌሊት እንዲተው አይጠየቅም። ፓወር ግዕዝ በሊኑክስ ላይ አይሠራም። ኪይማን የተባለው ነጻ የኪቦርድ ፕሮግራም ግን በዊንዶውስ፣ በሊኑክስ፣ በማክና በስልክም ላይ ስለሚሠራ ሁሉም በአንድ ዓይነት የቁልፍ አሰላለፍ እንዲጽፉ ያስችላል። ጥሩው ነገር ይህንን ለመልመድ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እስኪቀየር መጠበቅ አለማስፈለጉ ነው። ኪይማንን፣ ፋየርፎክስንና ሊብሬ ኦፊስን በሁለቱ የዊንዶውስ 10 ማሽኖች ላይ አሁኑኑ ጫኗቸውና ሠራተኞቹ በየተራ ይሥሩባቸው። ሰው በለመደው ቤት ውስጥ ሆኖ አዲሱን ዕቃ ከተለማመደ ቤቱ ሲቀየር የሚጎድልበት ጥቂት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የማይከፈት ገጽ፣ የተበላሸ ሠንጠረዥ ወይም አልታተም ያለ ቅጽ ሲያጋጥም በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የትኛው ማሽን በዊንዶውስ መቅረት እንዳለበት የሚነግራችሁ ያ ወረቀት ነው።

ሊኑክስ ሚንትን ከመጫናችሁም በፊት በፍላሽ አስነስቶ መሞከር ይቻላል፤ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ማተሚያው መሥራታቸውን ያሳያችኋል። የምታዘወትሯቸውን የመንግሥትና የባንክ ገጾች በዚያው ክፈቱ። አንዳንድ ገጽ የብራውዘሩንና የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ስም ብቻ አይቶ «አይደገፍም» ስለሚል እንቢታው የእውነት አለመጣጣም ይሁን የስም ማጣሪያ በሌላ ብራውዘር አስተያዩ፤ ክሮምም ኤጅም በሊኑክስ ላይ ስላሉ መጫኑ አያዳግትም።

እንግዲህ በእናንተ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። ፒችትሪ ያለባቸውን ሁለት ወይም ሦስት የዊንዶውስ 7 ማሽኖች ከኢንተርኔት አላቅቄ እንዳሉ እተዋለሁ። በቢሮው ገንዘብ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ 11 የተጫነበት አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር እገዛለሁ፤ በኤጅ ብቻ የሚከፈቱ ገጾች፣ የማክሮ ሠንጠረዦችና ድራይቨር የሚጠይቁ መሣሪያዎች ወደ እሱ ይሄዳሉ። የቀሩትን አንድ በአንድ፣ ከወር መዝጊያና ከግብር ማስታወቂያ ጊዜ ውጭ፣ ወደ ሊኑክስ ሚንት አሻግራለሁ፤ ሁለቱን የዊንዶውስ 10 ማሽኖች መጨረሻ ላይ። ኤስኤስዲ ስትገጥሙ የሚወጡትን አሮጌ ሃርድ ዲስኮች አትደምስሷቸው፤ የማን ማሽን እንደነበሩና የወጡበትን ቀን ጽፋችሁ በላያቸው ለጥፉና ቢያንስ አንድ ሙሉ የበጀት ዓመት እስኪያልፍ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጧቸው፤ ሳይገለበጥ የቀረ ፋይል ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ኦዲተር ሲጠይቅ ነው።